ፊኛውን ማን ነፋው? የእርሾና የኤቲፒ ሙከራ በቤት ውስጥ

ተማሪዎቼን ስለ ኤቲፒ፣ ማለትም ሴሎች ለሥራቸው ስለሚጠቀሙበት ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል፣ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ቀስት በመደርደር አልጀምርም። መጀመሪያ የማወጣው እርሾና ፊኛ ነው።

ሦስት ባዶ ሃይላንድ አዘጋጁ፤ ግማሽ ሊትሩ ይበቃል። በየአንዳንዱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጨምሩ። ለመጀመሪያው አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ የዳቦ እርሾና ለብ ያለ ውሃ፣ 38 ዲግሪ ገደማ። ለሁለተኛው ያው እርሾ በፍሪጅ ውሃ። የሦስተኛውን እርሾ ግን በድስት ውሃ ቀቅሉት፤ ለብ ሲል ገልብጡት። የፈላውን እዚያው ብታፈሱት ፕላስቲኩ ይጨማደዳል። የውሃው መጠን በሦስቱም እኩል ይሁን። ፊኛዎቹን አንዴ ነፍታችሁ አስተንፍሷቸው፣ አዲስ ፊኛ ግትር ነው፤ ከዚያ አፋቸው ላይ አጥልቁ።

ቆይታችሁ ስታዩ የመጀመሪያው ቀጥ ብሎ ይቆማል። የፍሪጁ ይለግማል። የተቀቀለው ንቅንቅ አይልም፤ ኢንዛይሞቹ፣ ማለትም የሴሉን ኬሚካዊ ሥራ የሚያፋጥኑት ፕሮቲኖች፣ በሙቀት ቅርጻቸው ተበላሽቷል፣ ሴሎቹም ሞተዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። «ጋዙ ኃይሉ ነው» ይላል። ጋዙ ተረፈ ምርት ነው፤ ኤቲፒው የተሠራው ከእሱ በፊት ነው።

ቅደም ተከተሉን ያዙ። ኢንቨርቴዝ የሚባለው የእርሾው ኢንዛይም ስኳሩን ግሉኮስና ፍሩክቶስ አድርጎ ይከፍለዋል። ግሉኮሱን 10 ኢንዛይሞች ተቀባብለው ፓይሩቬት ወደሚባል ሞለኪውል ይቀይሩታል። ከእነዚህ ሄክሶካይኔዝና ፎስፎፍሩክቶካይኔዝ አንድ አንድ ኤቲፒ ወጪ ያደርጋሉ፤ እንደ ንግድ መነሻ ገንዘብ ቁጠሩት። በኋላ ፎስፎግሊሰሬት ካይኔዝና ፓይሩቬት ካይኔዝ ሁለት ሁለት ይሠራሉ። 4 ገባ፣ 2 ወጣ፣ ትርፉ 2።

ታዲያ ጋዙ ለምን መጣ? መሃል ላይ ኤንኤዲ የሚባል ሞለኪውል ኤሌክትሮን ይጫናል። ካላራገፈ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ጭነቱን የሚቀበል ሞለኪውል ለማዘጋጀት ፓይሩቬት ዲካርቦክሲሌዝ ከፓይሩቬቱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያወጣል፤ ፊኛውን የነፋው እሱ ነው። አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ ደግሞ ጭነቱን በተረፈው ሞለኪውል ላይ አራግፎ አልኮል ይሠራል። ጠላውና ጠጁ ለእኛ ነው፤ እርሾው የሚፈልገው ባዶውን ኤንኤዲ ነው።

የእኛ ሴሎች ኦክስጅን ሲያገኙ ጭነቱን ሚቶኮንድሪያ በሚባለው የሴሉ የኃይል ማመንጫ ላይ ያራግፋሉ። እዚያ ኤቲፒ ሲንቴዝ የሚባለው ኢንዛይም፣ ፕሮቶን (የሃይድሮጂን አዮን) ሲያልፍበት በእውነት ይሽከረከራል። ፖል ቦየርና ጆን ዎከር አሠራሩን አስረድተው በ1997 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ከአንድ ግሉኮስ 30 ገደማ ኤቲፒ ይገኛል። የቆዩ መጻሕፍት 36 ወይም 38 ይላሉ፤ ለፈተና የራሳችሁን መጽሐፍ ተከተሉ።

ስትጨርሱ ድፍድፉን ድፉት። ክዳን ገጥማችሁ እንዳታስቀምጡት፣ ይፈነዳል።