ተጓዥ ሙዚቃዊ ድራማን በደሴና በኮምቦልቻ ደጋግሞ እንዴት ማየት ይቻላል?

ሙዚቃዊ ድራማ ይዞ ከአዲስ አበባ የሚነሣ የቴአትር ቡድን ወሎ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በኒው ዮርክና በለንደን አንድ ትልቅ ሙዚቃዊ ድራማ በሳምንት 8 ጊዜ ያህል፣ ያውም በአንድ ቤት ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ስለሚቀርብ፣ ሥራውን የወደደ ተመልካች በተመቸው ቀን ተመልሶ ይገባል። በእኛ ከተሞች ግን ቡድኑ ዲኮሩን ጭኖ ከሄደ በኋላ ያንኑ ሥራ ዳግም ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ አንድን ሥራ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለማየት የሚሻ ሰው የትኛውን ትርኢት ለምን እንደሚያይ የመጀመሪያውን ትኬት ከመግዛቱ በፊት መወሰን ይኖርበታል። በእያንዳንዱ መግቢያ የሚከታተሉት ነገር ካልተለየ ሁለተኛው ትርኢት የመጀመሪያውን ከማስታወስ አያልፍም፤ ከተለየ ግን ያው ቴአትር በየጊዜው ያልታየ ጎኑን ያሳያል።

በእኔ እምነት ሦስት ጊዜ በቂ ነው፤ ሁለቱን በደሴ፣ አንዱን በኮምቦልቻ።

መርሐ ግብሩን ማወቅ

ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በከሚሴ በኩል የሚመጣ ቡድን መጀመሪያ የሚያገኘው ኮምቦልቻን ነው። አንዳንዱ እዚያው አሳይቶ ወደ ደሴ ይወጣል፤ አንዳንዱ ቀጥታ ደሴ ገብቶ ኮምቦልቻን ለመልስ ጉዞ ያቆያል። ይህን ቅደም ተከተል አስቀድሞ መጠየቅ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ሦስተኛው ትርኢትዎ የት እንደሚሆን የሚወስነው እርሱ ነው። በከተማው የሚዞረው የድምፅ ማጉያ መኪናና በየግድግዳው የሚለጠፈው ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ የሚነግሩት የዚያኑ ከተማ ትርኢት ብቻ ስለሆነ፣ የቀረውን ከቡድኑ የፌስቡክ ወይም የቴሌግራም ገጽ ወይም በአካል ሄዶ ከአዳራሹ ሠራተኞች ማጣራት ይሻላል። በደሴ ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያው ቦታ የከተማው የባህል ማዕከል የሆነው ወሎ ባህል አምባ ነው።

ወቅቱንም ማሰብ ያስፈልጋል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው በሚኖሩባቸው በእነዚህ ሁለት ከተሞች ረመዳንም ዐቢይ ጾምም የመዝናኛ መርሐ ግብርን ይነካሉ፤ በአንጻሩ የበዓላት ሰሞን ለተጓዥ ቡድን የተመቸ ነው። ረመዳን በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄድ በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይገባል፤ ባለፈው ዓመት ትርኢት የታየበት ሳምንት ዘንድሮ የጾም ሳምንት ሊሆን እንደሚችል አይዘንጉ።

ትኬትና መቀመጫ

በደሴ የሚቀርበው ትርኢት ከሁለት በላይ ከሆነ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ይምረጡ። በመጀመሪያው ቀን ባለሙያዎቹ አዳራሹን ገና አልለመዱትም፤ የማይኩ ድምፅ ይበዛል ወይም ያንሳል፣ ተወዛዋዦቹ የመድረኩን ስፋት በእግራቸው ይለካሉ፣ የመብራት ባለሙያውም እጁ ገና አልተፍታታም። በመጨረሻው ቀን ይህ ሁሉ ሰክኖ ተዋንያኑ በነፃነት ሲጫወቱ ያገኟቸዋል። ልዩነቱን በዓይን ለማየት ሁለቱም ጫፎች ያስፈልጋሉ።

ወንበሩ በቁጥር ካልተያዘ ቀድሞ መድረስ ግድ ነው። ለመጀመሪያው ትርኢት ከአዳራሹ መካከል ትንሽ ወደ ኋላ፣ ለሁለተኛው ሙዚቀኞቹ በተቀመጡበት ጎን ወደ ፊት፣ ለሦስተኛው ደግሞ መላው መድረክ ከነዳር ዳሩ የሚታይበትን የኋላ ረድፍ ይያዙ። ብዙ ሰው ለፊተኛው ወንበር ይሽቀዳደማል፤ ነገር ግን ውዝዋዜ የበዛበትን ሥራ ከፊተኛው ረድፍ ማየት የተወዛዋዦቹን ፊት አሳይቶ የሠሩትን ቅርጽ ይሰውራል።

የመጀመሪያው ትርኢት ለታሪኩ

በመጀመሪያው ቀን ማስታወሻ አይያዙ፣ ስልክዎንም አያውጡ፤ ታሪኩ ወደሚወስድዎት ይሂዱ። ሥራው ለማንም ተመልካች የተጻፈው በአንድ ጊዜ እንዲገባ ሆኖ ነውና ያ የመጀመሪያ ስሜት ሊከበር ይገባዋል፤ ዳግመኛም አይገኝም።

የእርስዎ ሥራ የሚጀምረው ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ከመተኛትዎ በፊት የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል በወረቀት ይጻፉ፤ ርዕሳቸውን ባያውቁ የመጀመሪያውን ስንኝ፣ እርሱንም ባያስታውሱ ማን ለማን እንደዘፈነውና በዚያን ጊዜ በታሪኩ ውስጥ ምን እንደተደረገ ይመዝግቡ። ሁለት ጊዜ የተሰማ ዜማ ካለ ምልክት ያድርጉበት። በሙዚቃዊ ድራማ ውስጥ አንድ ዜማ በመጀመሪያው ገቢር በደስታ ተዘፍኖ በሁለተኛው በሐዘን የሚመለሰው ሆን ተብሎ ነው፤ ደራሲውና የዜማው ባለቤት የገጸ ባሕርዩን ለውጥ የሚነግሩን በዚያ ነው። በመጀመሪያው ቀን ይህን መመለስ ሰምቶ ማለፍ የተለመደ ስለሆነ በሁለተኛው ቀን ልንጠብቀው ይገባል።

ሁለተኛው ትርኢት ለሙዚቃው

ለወሎ ተመልካች የሁለተኛው ቀን ደስታ እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ዘመናዊና ባህላዊ ሙዚቃ ውስጥ የሚታወቁት አራቱ ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ አደራደሮች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው፤ ከእነዚህም ሁለቱ ስማቸው ከወሎ ቦታዎች ጋር አንድ ነው። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ባቲ ደግሞ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ይገኛሉ። አራቱም ባለ አምስት ድምፅ ሲሆኑ የሚለያዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። ይህን በንድፈ ሐሳብ ለማያውቅ ሰው የሚበጀው ዘዴ ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ ቅኝት የሚያውቁትን አንድ አንድ ዘፈን አስቀድመው ይምረጡና በመድረኩ ላይ አዲስ ዘፈን ሲጀመር በልብዎ ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ ያንጎራጉሩ። የማይጣጣመው ወዲያውኑ ጆሮ ይቆረቁራል፤ የሚጣጣመው ያለ ችግር ይቀጥላል።

ቅኝቱን ካወቁ በኋላ ጥያቄው ለምን ተመረጠ የሚለው ነው። ትዝታ ናፍቆትን፣ አምባሰል ግርማንና ቁም ነገርን እንደሚሸከሙ በተለምዶ ይነገራል፤ ጥሩ የዜማ ደራሲ ግን ይህን ልማድ ያውቅና አንዳንዴ ይገለብጠዋል። ለምሳሌ አንድ ገጸ ባሕርይ በአፉ ደስታውን እየተናገረ ዜማው በትዝታ ከሄደ፣ ቃሉ የደበቀውን ቅኝቱ እየገለጠ ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም።

ከሙዚቀኞቹ አጠገብ መቀመጥ የሚጠቅመው ለዚሁ ነው። ክራር ክሮቹ የሚቃኙት ለሚዘፈነው ቅኝት ስለሆነ፣ ዘፈኑ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ሲዞር ክራር መቺው በትዕይንቶቹ መካከል፣ መብራቱ በጠፋባት አጭር ጊዜ፣ መልሶ ይቃኛል ወይም አስቀድሞ የተቃኘ ሌላ ክራር ያነሣል። መሰንቆ ተጫዋቹ ደግሞ በአንድ የጭራ ክር ላይ ጣቱን በማንቀሳቀስ ብቻ ይሻገራል። ይህን ያየ ሰው አዘጋጁ አንዳንድ ንግግሮችን ለምን እንዳረዘማቸው ይገባዋል፤ ሙዚቀኛው ጊዜ ያስፈልገዋል።

ሙዚቀኞች ሁልጊዜ በመድረክ ላይ አይገኙም። ጉዞው ወጪ ስለሚበዛበት አንዳንድ ቡድን ሙዚቃውን አስቀርጾ በፕሌይባክ ያቀርባል። ይህን ለመለየት በሁለቱ ትርኢቶች የዘፈኑን ፍጥነት ያነጻጽሩ፤ ተመልካቹ አጨብጭቦ ዘፋኙ መጠበቅ ሲገባው ሙዚቃው ጥሎት ከሄደ የተቀረጸ ነው። ሙዚቃው ተቀርጾ ድምፁ በቀጥታ ከተዘፈነ ሥራው አሁንም ሕያው ነው፤ ዘፋኙ እርሱን በማይጠብቅ ሙዚቃ ላይ ትንፋሹን መመደቡ ራሱ ችሎታ ነው። ድምፁም ጭምር የተቀረጸ ከሆነ ግን ለሦስተኛው ትርኢት ገንዘብ ባያወጡ ይሻላል ብዬ በቅንነት እመክራለሁ።

በዚህ ቀን የሚቻል ከሆነ አንድ ትልቅ ሰው ይዘው ይሂዱ። በደሴ በደርግ ዘመን እነ ድምፃዊት ማሪቱ ለገሰ የወጡበትን የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድንን መድረክ ያዩ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ጆሯቸው በዚያ የተገራ ነው። በዕረፍቱ ሰዓት «ጋሼ፣ ይቺ ዜማ በምን ቅኝት ናት?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያስተምራል። በትርኢቱ መካከል ግን መጠየቅ ነውር ነው።

ሦስተኛው ትርኢት ኮምቦልቻ ላይ

ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም በከፍታ ከ600 ሜትር ያላነሰ ዝቅ ትላለች፤ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል። ይህ ለሙዚቃ መሣሪያም ትርጉም አለው። የከበሮ ቆዳ በብርድና በእርጥበት ይለሰልሳል፣ በሙቀት ይወጠራል፤ በደሴ ከትርኢቱ በፊት ከበሮውን ፀሐይ ወይም እሳት ያስመታ የነበረው ከበሮ መቺ ኮምቦልቻ ላይ ያን ያህል አይቸገርም። ከበሮው በሁለቱ ከተሞች የሚሰጠውን ድምፅ ያስተውሉ።

ዋናው ግን ሥራው ወደ ሌላ አዳራሽ ሲገባ የሚሆነው ነው። መድረኩ ሲጠብ ስምንት ሆነው ይወዛወዙ የነበሩት ስድስት ሊሆኑ፣ ከፊል ዲኮሩ በመኪናው ላይ ሊቀር፣ በግራ ይገባ የነበረ ተዋናይ በቀኝ ሊገባ ይችላል። ምን እንደተተወና ሳይጎድል የቆየው ምን እንደሆነ መለየት የሥራውን አጥንት ያሳያል፤ ያለ እርሱ ታሪኩ ሊቀጥል የማይችል ነገር በየትኛውም አዳራሽ ይኖራል። ከታመመ ወይም ከቀረ ተዋናይ ቦታ ተተኪ ሲገባም ቅር አይበልዎት። ተተኪው ያንኑ ቃል በሌላ ዕረፍት፣ ያንኑ ዜማ በሌላ የድምፅ ከፍታ ሲጫወት ገጸ ባሕርዩ ምን ያህሉ ከድርሰቱ፣ ምን ያህሉ ከመጀመሪያው ተዋናይ እንደመጣ የሚገለጠው ያኔ ብቻ ነው። ቀልደኛ ገጸ ባሕርያት የሚጠሩት የሰፈር ስምም ይለወጣል፤ ደሴ ላይ ፒያሳ የተባለው ቦታ ኮምቦልቻ ላይ ሌላ ስም ይይዛል፣ ሳቁም በዚያው ልክ ይለያያል።

ስለ ጉዞው በአጭሩ፦ ከደሴ መናኸሪያ ሚኒባስ በቀን በቀላሉ ይገኛል፣ ሌሊት ግን አይታመንም። ትርኢቱ የምሽት ከሆነ ኮምቦልቻ ላይ አልጋ ይያዙ ወይም ከታመነ ሾፌር ጋር ኮንትራት ቀድመው ይነጋገሩ። በክረምት ሐረጎ ላይ ጉም ስለሚወርድ በሌሊት ለመመለስ መቸኮል አይገባም። ከደሴ የለበሱት ካፖርት ኮምቦልቻ ላይ ይከብድዎታል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ተመልካች ግን ጋቢም ቢሆን ይያዝ።

በአዳራሹ ውስጥ

ሥራውን የሚያውቅ ተመልካች ላላየው ሰው ኃላፊነት አለበት። ቀልዱ ከመነገሩ በፊት አይሣቁ፣ ዘፋኙን ቀድመው አይዝፈኑ፣ የሚመጣውን ለጎረቤትዎ አይንገሩ። አምባሰል ሲነሣ የወሎ አዳራሽ ማጨብጨቡ ያለና የሚያምር ነገር ነው፤ ነገር ግን ጭብጨባው በመጀመሪያው ስንኝ ላይ ከወደቀ የገጸ ባሕርዩ ቃል ይጠፋልና ከስንኙ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። በአዝማሪ ቤት ዘፋኝን መሸለም ክብር ነው፤ በሙዚቃዊ ድራማ ውስጥ ግን መድረክ ላይ ወጥቶ በተዋናይት ግንባር ላይ ብር መለጠፍ ገጸ ባሕርይዋን ከታሪኩ ነጥሎ ያወጣታል። ሽልማት ካለዎት መጋረጃው እስኪዘጋ ያቆዩት።

መቅረጽንም ይተዉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ብቻ ሳይሆን ለከዋኞቹም መብት ሰጥቷል፤ ያለ ፈቃድ ቀርጾ ማሰራጨት ይህን መብት ይነካል። ከዚህም ሌላ፣ ገና ዐሥር ከተማ የሚቀረው ቡድን ዘፈኖቹ በየስልኩ ከተበተኑ ቀጣዩ አዳራሽ ባዶ ይሆንበታል።

ከባለሙያዎቹ ጋር

ከትርኢቱ በኋላ ባለሙያዎቹን ለማነጋገር የተሻለው ጊዜ የመጀመሪያው ቀን ሳይሆን የመጨረሻው ነው፤ ያን ጊዜ እርስዎ የሚሉት አለዎት። ላብ ያጠመቀውን ተዋናይ በር ላይ ይዞ ፎቶ ከማብዛት፣ ራስን አስተዋውቆ፣ ታላላቆቹን ጋሼና እትዬ ብሎ፣ አንድ የተለየ ነገር መጠየቅ ይበልጣል፤ ለምሳሌ የሁለተኛው ገቢር ዘፈን ኮምቦልቻ ላይ ለምን ከፍ ብሎ እንደተጀመረ። ብዙ ተመልካች ዋና ተዋናዩን ከብቦ ሲቆም ክራር መቺው፣ የመብራት ባለሙያውና ዲኮር የሚያነሡት ልጆች ለብቻቸው ዕቃ ይጭናሉ፤ እነርሱን መጠየቅ ከማንም በላይ ያስተምራል፣ ደስም ይላቸዋል።

ማስታወሻዎን በሳምንቱ ውስጥ አስተካክለው ለቡድኑ ይላኩ። የት ከተማ፣ በየትኛው ቀን፣ የትኛው ትዕይንት እንደተለወጠ፣ ድምፁ ከየትኛው ረድፍ እንዳልተሰማ በግልጽ ቢጻፍ አዘጋጁ ለቀጣዩ ከተማ ሊጠቀምበት ይችላል፤ በየቀኑ አዲስ ተመልካች የሚገጥመው አዘጋጅ ሦስቱንም ትርኢት ከአዳራሹ ወንበር ያየ ሰው እምብዛም አያገኝም።