የቤት ቆሻሻን ከደጃፍ መመዘን፦ በደሴ ለአንድ ቀበሌ ልኬት

አንድ ከተማ በቀን ስንት ኪሎ ደረቅ ቆሻሻ እንደሚያወጣ ሲጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መልስ የመኪናው ምልልስ ተቆጥሮ የተገኘ ነው። ይህ ቁጥር የተነሣውን እንጂ የወጣውን አያሳይም፤ ደሴን በመሰለ ገደላማ ከተማ ወደ ሸለቆ የተጣለው ክረምት ሲገባ በቦርከና ወንዝ ተጠርጎ ወደ ኮምቦልቻ ስለሚወርድ፣ ከመዝገብ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ሚዛኑ መያዝ ያለበት ከቤቱ ደጃፍ ነው።

በቅድሚያ ቤቶቹን ከቀበሌው መዝገብ በዕጣ ይምረጡ። ከአስፋልት ዳር ያሉትን ብቻ መያዝ ቢቀልም፣ ጋሪ የማይደርስባቸው የዳገት ቤቶች ካልገቡበት ውጤቱ ይዛባል። ለየቤቱ ቁጥር የተጻፈበት ማዳበሪያ ሰጥተው በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዝኑ፤ በቤቱ ያደሩትን ሰዎች ብዛትም አብረው ይመዝግቡ።

ልኬቱ 8 ቀን ይፈጃል። የመጀመሪያው ቀን ቀድሞ የተጠራቀመውን ስለሚጨምር ከሂሳብ ይወጣል፤ የቀሩት 7 ቀናት የገበያውን ሰኞ ጭምር ያቅፋሉ። አረፋ ወይም ፋሲካ የዋለበት ሳምንት ለብቻው ይለካ።

ከዚያም ቆሻሻውን በሸራ ላይ ዘርግቶ የምግብ ትራፊውን፣ የጫት ገረባውን፣ ፌስታሉን፣ በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለውን የውሃ ፕላስቲክና አመዱን እየለዩ መመዘን ይገባል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው ከሚወገደው እንዲለይ ያዝዝ ስለነበር፣ የቅጹም ዓምዶች ይህንኑ ቢከተሉ ይመረጣል። አመድን «ልዩ ልዩ» በሚል ዓምድ መደበቅ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ከሰል በሚነድበት ቤት ሚዛን የሚደፋ፣ የማይበሰብስና የማይቃጠል በመሆኑ የራሱ ዓምድ ያስፈልገዋል።

በስሌቱ የሁሉም ቤቶች ጠቅላላ ኪሎ፣ በየዕለቱ በተመዘገቡት ሰዎች ድምር ይካፈላል። ለምሳሌ 5 ሰዎች ያሉበት ቤት በ7 ቀን 14 ኪሎ ቢያወጣ፣ 14 ለ35 ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 0.4 ኪሎ ይደርሳል። የየቤቱን አማካይ አስልቶ እንደገና አማካይ ማውጣት ግን ስሕተት ነው፤ ብቻውን የሚኖር ተከራይ 9 ሰዎች ካሉት ቤተሰብ እኩል ይቆጠራልና።

በሩ ተዘግቶ ሲገኝ ዜሮ አይጻፍ፤ ሰረዝ ይደረግ። ሰዎቹ ቤት አድረው ማዳበሪያውን ሳያወጡ ከቀሩ በማግሥቱ የሚመዘነው የሁለት ቀን ስለሚሆን ቁጥራቸው አይቀነስም፤ ለቀብር ወይም ለሠርግ ገጠር ሄደው ከሆነ ግን የዚያ ቀን ሰዎች ከድምሩ ይውጡ።