ሌፍት ፎር ዴድ 2ን አሁን ለምትጀምሩ፦ ጥግ መያዝ የሚባለውን እርሱት

አንደኛውን ሌፍት ፎር ዴድ፣ የዞምቢውን ጌም፣ ከጓደኞቼ ጋር አንጀቱ እስኪወጣ ስለተጫወትነው ሁለተኛውን ስንከፍት ያው ነው ብለን ነበር፣ አራት ሰው፣ መዓት ዞምቢ፣ ከአንዱ ሴፍ ሩም (ዞምቢ የማይገባበት ክፍል) ወደ ሌላው ሩጫ፣ በቃ። የመጀመሪያውን ማፕ ሳንጨርስ ሦስቴ ሞትን። አድቫንስድ (ከበድ ያለው ደረጃ) ላይ ካልጀመርን ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ እናንተ ይሄን አታድርጉ፣ ኖርማል ላይ ጀምሩ።

ችግሩ ልማድ ነው። በአንደኛው ዞምቢው ግር ብሎ ሲመጣ አራታችንም ቁምሳጥን የምታክል ክፍል ውስጥ ገብተን ጀርባችንን ለግድግዳ ሰጥተን በሩን መጠበቅ ነበር፣ ያዋጣል። ቫልቭ የሚባለው ኩባንያ ጌሙን በፈረንጆቹ 2008 አውጥቶ በዓመቱ፣ በኖቬምበር 2009፣ ሁለተኛውን ሲለቅ (ምን አስቸኮላችሁ ብለው አንገዛም ያሉ ሁሉ ነበሩ) ሦስት አዳዲስ ጉዶች ጨመረበት፣ እነሱን አንዴ ካያችኋቸው ጥግ የያዘን ሰው ለማስወጣት የተሰሩ ነው የሚመስሉት።

አንዷ ስፒተር ናት፣ አንገቷ የረዘመ ሴትዮ፣ ከሩቅ አረንጓዴ አሲድ ትተፋባችኋለች። መሬት ላይ ይዘረጋል፣ መጀመሪያ ትንሽ ነው የሚያቃጥለው ግን በቆማችሁ ቁጥር ጉዳቱ እየጨመረ ነው የሚሄደው፣ እና ቁምሳጥናችሁ ውስጥ አራት ሆናችሁ ስትጋፉ ማን ቀድሞ ይውጣ እስክትባባሉ አለቀላችሁ። ስለዚህ አረንጓዴ ነገር ሲበር ካያችሁ ዞምቢ አለ የለም ሳትሉ ውጡ። ስትሞትም ያለችበት ላይ ትንሽ ይፈሳል፣ አጠገባችሁ ከገደላችኋት ወደ ኋላ በሉ።

ቻርጀር የሚባለው ቀኝ እጁ ግንድ ያህላል። ተንደርድሮ ይመጣና አንዱን አንጠልጥሎ ይሄዳል፣ ሌሎቹን መንገድ ላይ ይበታትናቸዋል፣ ከዛ የያዘውን መሬት ላይ እንደ በርበሬ ይወቅጠዋል። እሱን መግፋት አይሰራም፣ እኔ ሀንተር (ሰው ላይ ዘሎ የሚወጣው ዞምቢ) መስሎኝ ስገፋው ነበር፣ መተኮስ ወይም በመጥረቢያ ማለት ነው። የሚንደረደረው ቀጥ ብሎ ስለሆነ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ካላችሁ ግድግዳ ጋር ይላተማል፣ ያኔ ሾትጋን።

ጆኪ ደግሞ ትንሹ ሰይጣን ነው፣ እየሳቀ ጀርባችሁ ላይ ወጥቶ እንደ በቅሎ ይጋልባችኋል፣ ወዴት? ወደ አሲዱ፣ ወደ ገደል፣ ወደ ዊቿ (ቁጭ ብላ የምታለቅሰው፣ ከነካችኋት የምትገድለው ዞምቢ)። እሱ በመግፋት ይወርዳል፣ ግን የሚገፋው ጓደኛ ነው፣ ራሳችሁ አትችሉም። የሚጋለበው ሰው በተቃራኒው አቅጣጫ ኪቦርዱን ይጫን፣ ትንሽ ያዘገየዋል።

እንግዲህ አቋቋማችሁ ይሄ ይሁን፦ አንዱ የሌላውን ጀርባ የሚያይበት ርቀት፣ ግን ቻርጀር በአንድ ሩጫ ሁላችሁንም የማይጠርግበት። ፊት ያለው ሲተኩስ ቁጢጥ ይበል፣ ከኋላ ያለው በላዩ ይተኩሳል፣ አለበለዚያ ግማሹን ደማችሁን የሚጨርሰው ዞምቢ ሳይሆን የራሳችሁ ጓደኛ ነው።

ሜሊ የሚባለው ነገር፣ በእጅ የሚመታበት መሣሪያ፣ የሁለተኛው ትልቁ ደስታ ነው። መጥበሻ አለ፣ ጊታር አለ፣ ገጀራ፣ ካታና፣ የክሪኬት ዱላ። መጥበሻው ጭንቅላት ሲያገኝ የሚያወጣው ድምፅ ብቻውን ጌሙን ያስገዛል። ግን የሽጉጡን ቦታ ነው የሚይዘው፣ አራታችሁም ካታና አትያዙ፣ ሁለት ይበቃል። ቼይንሶው ቤንዚኑ ሲያልቅ ስለሚጣል አስቡበት።

ደም ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሜድኪት (የሕክምና ቦርሳው) የጎደለውን 80 በመቶ ይሞላል፣ ስለዚህ 60 ደም እያለህ መጠቀም ብክነት ነው። ፒልስ (ክኒኑ) 50 ይሰጣል ግን እየቀነሰ ይሄዳል፣ አድሬናሊን (መርፌው) 25 ብቻ ነው፣ የሱ ጥቅም ለ15 ሰከንድ ዞምቢ ቢመታህም ሳትዘገይ መሮጥህ ነው። ደምህ አልቆ ሁለቴ ወድቀህ ጓደኛ ካነሳህ ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ ሦስተኛው ላይ መውደቅ የለም፣ ቀጥታ ሞት ነው። ይሄን የሚያጠፋው ሜድኪት ብቻ ነው፣ ፒልስ አያጠፋውም። እና ጥቁርና ነጭ የሆነ ሰው ዝም አይበል፣ ይናገር! እኛ ጋ አንዱ ኩሩ ነው፣ አይናገርም፣ ሁሌ መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው።

ታሪኩ ከሳቫና ጆርጂያ ተነስቶ ኒው ኦርሊንስ ነው የሚያልቀው፣ የምትጫወቱባቸው አራቱ ሰዎች ኮች፣ ኤሊስ፣ ኒክና ሮሼል ናቸው። በየካምፔኑ (የጌሙ ምዕራፎች ናቸው) ለየት ያሉ ዞምቢዎች አሉ፣ መከላከያ ልብስ የለበሱት እሳት አይዛቸውም፣ ሞሎቶቭ (የእሳት ጠርሙስ) አታባክኑ። ሀርድ ሬይን ላይ ጆሮ መሸፈኛ ያደረጉት የቀን ሠራተኞች ፓይፕ ቦምብ (በድምፁ ዞምቢ የሚስበው ቦምብ) አይሰሙም። ፓሪሽ ላይ አድማ በታኝ ፖሊሶች ከፊት ጥይት አይገባቸውም፣ ገፍታችሁ ጀርባቸውን ስታገኙ ነው።

ዴድ ሴንተር የሚባለው የመጀመሪያው ካምፔን መጨረሻው ሞል ውስጥ ነው፣ 13 ጀሪካን ቤንዚን ከየፎቁ ሰብስባችሁ የጂሚ ጊብስን የውድድር መኪና መሙላት። አንድ በአንድ ተሸክማችሁ ደረጃ አትውረዱ፣ ከላይ ወደ መኪናው አካባቢ ወርውሩት፣ በኋላ አንዱ ይሞላል ሦስቱ ይጠብቁታል። ጀሪካን ስትይዙ መተኮስ እንደማትችሉ አትርሱ። እኛ 11 ሞልተን የቀሩትን ሁለቱን መኪናው ጋ አድርሰናቸው ነበር፣ ስፒተሯ እላያቸው ላይ ተፋችና ተቀጣጠሉ፣ አሲዱ ያቃጥላቸዋል ለካ፣ እና እኔ ደንግጬ እሷን እተኩሳለሁ ብዬ ኒክን ጣልኩት፣ ኒክን የያዘው ደግሞ ያ ኩሩው ጓደኛችን ነበር፣ ጥቁርና ነጭ። ሁለት ቀን አላናገረኝም። ብቻችሁን ከቦት (ኮምፒውተሩ ራሱ ከሚያጫውታቸው) ጋር የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ቦቶቹ ጀሪካን አያነሱም፣ 13ቱም በናንተ ትከሻ ነው።

(በነገራችን ላይ ኔት ሲቋረጥባችሁ ቦት ይተካችኋል፣ ስትመለሱ ቦታችሁን ትወስዳላችሁ። መብራት ሄዶብኝ ስመለስ ቦቱ ካንተ ይሻላል አሉኝ።)

ሀርድ ሬይን ለኔ የጌሙ ምርጥ ካምፔን ነው። በስኳር ፋብሪካ በኩል ሄዳችሁ ነዳጅ ታመጣላችሁ፣ ከዛ በዛው መንገድ ትመለሳላችሁ፣ ግን ስትመለሱ ዝናቡ ወርዶ መሬቱ ውኃ ሆኗል፣ ውኃ ውስጥ ደግሞ ትንቀራፈፋላችሁ። ስትሄዱ ደረጃና ጣሪያ ያለበትን በዓይናችሁ ያዙ፣ ስትመለሱ በላይ በላዩ ነው። ማዕበሉ ሲበረታ ሁለት ሜትር አታዩም፣ ድምፅም አይሰማም፣ ያኔ ብቻ ተጣበቁ። ፋብሪካው ውስጥ የሚያለቅሱ ዊቾች አሉ፣ ባትሪያችሁን አጥፉ፣ ዞር ብላችሁ እለፉ፣ ማንም አጉል ጀግና አይሁን።

ፓሪሽ መጨረሻ ላይ ያለው ድልድይ ግን ጥግ ያዥን ሁሉ የሚቀጣው ነው። ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት ሁሉም ሰው ደሙን ይሙላ፣ አድሬናሊን ያለው ይያዘው። ድልድዩ ሲወርድ ሩጡ፣ ዞምቢው አያልቅም፣ ልጨርሳቸው ብሎ የቆመ ሄሊኮፕተሯን ሲያይ አያገኛትም። አንድ ሰው ከወደቀ አንሱት፣ ሁለት ከወደቁ ግን፣ ይቅርታ፣ ሩጡ።