«ሃያ ሃያ ብር» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው የነገረኝ። ጎንደር ላይ ሦስት ፈረንጆች ከፒያሳ ወደ ማራኪ ጭኖ፣ ሲወርዱ «ቱዌንቲ ብር» ይላቸዋል። እነሱም ሃያ ብር ለሦስት ሰጥተው፣ አመስግነው ሄዱ። እሱ ሊል የፈለገው «ሃያ ሃያ» ነው። እኛ ቁጥሩን ደግመን እናካፍላለን፣ እንግሊዝኛ ግን መድገም አያውቅም፤ መጨረሻ ላይ «ኢች» ይለጥፋል። «ቱዌንቲ ብር ኢች» ቢል ኖሮ ስልሳውን ይቀበል ነበር።

«ኢች» ከስም በፊት ሲመጣ «እያንዳንዱ» ነው። «ኤቭሪ»ም ያው። ሁለቱም ነጠላ ስም፣ ነጠላ ግሥ ይፈልጋሉ። ፋሲል ግቢ ያለው የአፄ ፋሲለደስ ግንብ በአራቱ ማዕዘን ክብ ማማ አለው አይደል? «ኤቭሪ ኮርነር ታወር ኢዝ ራውንድ» እንጂ «ኤቭሪ ታወርስ አር» አይባልም። ሲምታታባችሁ በልባችሁ አማርኛውን በሉት፤ «እያንዳንዱ ማማዎች» ጆሯችሁን ይቆረቁረዋል። «ኦል» ላይ ግን ይሄ ዘዴ አይሠራም፣ እንዲያውም ጉድ ይሠራችኋል፤ እኛ «ሁሉም ሰው መጣ» ስለምንል «ኦል ፐርሰን» አፋችን ላይ ይመጣል። «ኤቭሪዋን ኬም» በሉና ተገላገሉ።

ታዲያ «ኢች» እና «ኤቭሪ» በምን ይለያሉ? ነገሩ ሁለት ብቻ ከሆነ «ኤቭሪ» አይገባም። በሁለት እጃችሁ ሁለት ዘንቢል ከያዛችሁ «ኢን ኢች ሃንድ» ነው። «በየ» ያለበት ቦታ ደግሞ የ«ኤቭሪ» ነው። ለጥምቀት ጥምቀተ ባሕሩ በየዓመቱ ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይሞላል፤ «ኤቭሪ ይር»። በየሁለት ቀኑ ሲሆን «ኤቭሪ ቱ ዴይስ» ይባላል። ቁጥር ስለገባ ነው የበዛው፣ አትደንግጡ።

ብዙ ሰው የሚወድቀው «ኒዘር» ላይ ነው። «ሁለቱም አውቶቡሶች አልመጡም» ለማለት «ቦዝ ባስስ ዲድንት ካም» እንላለን፣ ፈረንጁም አንዱ መጥቶ ይሆን እያለ ይጠብቃል። «ኒዘር ባስ ኬም» ነው የሚባለው። አሉታው «ኒዘር» ውስጥ አለ፤ «ዲድንት» ከጨመራችሁበት ተበላሸ።

«ኢዘር» ከሁለቱ አንዱ ማለት ነው። «ሻይ ወይስ ቡና?» ስትባሉ፣ የመጣው ይምጣ ካላችሁ «ኢዘር ኢዝ ፋይን»። አንድ ተንኮል ግን አላት፦ «ኦን ኢዘር ሳይድ ኦፍ ዘ ሮድ» ሲሉ በመንገዱ ግራም ቀኝም ማለታቸው ነው። ሆቴላችሁን በአንድ ወገን ብቻ ስትፈልጉ እንዳትውሉ።