የቆሸሸ ያገለገለ የቆዳ ቦርሳ ማደስ ያዋጣል? እንዴት እንደሚመረመር

ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ ሰልባጅ በተዘረጋበት ሸራ ላይ፣ ከጨርቁ ክምር መካከል፣ አንዳንድ ጊዜ ደህና የቆዳ ቦርሳ ይገኛል። ዋጋው የወረደው አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ ላይ ባለው እድፍ ነው። ሻጩ «ሲጸዳ ይለቃል» ይላል፤ ገዢዋ እድፉን እያሳየች ታስቀንሳለች፤ ቦርሳውን ከፍቶ አገላብጦ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። እድፉን መጨረሻ ላይ ይመልከቱት። የቆሸሸ ግን ያልደረቀ ቆዳ ገና ብዙ ያገለግላል። ደርቆ የተሰነጠቀ ቆዳ ግን ምንም ያህል ቢጸዳ ለከርሞ አይደርስም።

መጀመሪያ ቆዳ መሆኑን ያረጋግጡ። ጠርዙ ተቆርጦ የሚታይበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ማንጠልጠያው ጫፍ ላይ ወይም የውስጥ ኪሱ አፍ ላይ አይጠፋም። እውነተኛ ቆዳ ጠርዙ ላይ እንደ ክር የቀጠኑ የተጠላለፉ ጭረቶች (ቃጫዎች) አሉት፤ የጀርባው ገጽም ሲዳስሱት ሻከር ያለና ጸጉራም ነው። ሰው ሠራሹ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ጨርቅ ይታይበታል። በጠረኑ አይፍረዱ፤ የቆዳ ሽታ ሊቀባ ይችላል። በክብሪት መፈተንም ቦርሳውን ከማበላሸት በቀር ብዙ አይነግርዎትም፤ እውነተኛ ቆዳም ቢሆን ፊቱ በፕላስቲክነት ባለው ቀለም ከተሸፈነ ሲቃጠል ፕላስቲክ ይሸታል።

ሰው ሠራሽ ሆኖ ፊቱ መላጥ የጀመረ ከሆነ ይተዉት። ሽፋኑ በእርጥበትና በዕድሜ ከውስጥ እየፈረሰ ስለሆነ ቀለም ቢቀቡት ቀለሙም አብሮ ይላጣል።

ሁለተኛው ምርመራ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ አለው፤ ጊዜ ይስጡት። ቆዳውን በጣቶችዎ መካከል እጥፍ አድርገው ይልቀቁት። ተሸብሽቦ ከተመለሰ ጤነኛ ነው። እጥፋቱ ላይ ነጣ ያለ መስመር ከቀረ ደርቋል፤ በቆዳ ቅባት ሊለሰልስ ይችላል። ስንጥቁ ጥልቅ ሆኖ ውስጡ ያለው ጭረት ከታየ ግን ቆዳው ራሱ ተበጥሷል፤ የተበጠሰ ጭረት በቅባት አይቀጠልም። ይህን ሲያደርጉ ማንጠልጠያው ከቦርሳው አካል ጋር የሚገናኝበትን ቦታ አይርሱ፤ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው እሱ ስለሆነ መጀመሪያ የሚበጠሰውም እዚያው ነው። ያረጀ ቦርሳ ሲዳስሱ ቀላ ያለ ቡናማ ዱቄት ጣትዎ ላይ ከቀረ፣ በዕፅዋት ጭማቂ የለፋው ቆዳ በውስጡ በተጠራቀመ አሲድ እየበሰበሰ ነው ማለት ነው። ይህ አይመለስም። ምንም ቢረክስ አይግዙት።

በአገራችን ጠፍርና ቁርበት ቅቤ እየተቀባ እንደሚለሰልስ የሚያውቅ ሰው ለቦርሳም ይህንኑ ያስባል። እባክዎ አያድርጉት። ቅቤና የምግብ ዘይት ቆዳውን ያጠቁሩታል፣ ውለው አድረው ይከረፋሉ፣ ነጠላዎንም ያበላሻሉ።

ስፌቱን፣ ዚፑንና ብረቱን በፍጥነት ማየት ይበቃል። የተፈታ ስፌትና የተበላሸ ዚፕ ጫማ ሰፊ ዘንድ ይሠራሉ። ቀለሙ የተላጠ ዘለበት ግን ተመሳሳዩን ማግኘት ስለሚያስቸግር ብዙ ጊዜ እንዳለ ይቀራል።

ቀጥሎ ቦርሳውን ከፍተው አፍንጫዎን ያስጠጉ። እዚህ ላይ ሰሜን ሸዋ ራሱ ሁለት ዓይነት ጉዳት ያሳያል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከእርሷ አልፎ ጣርማ በር ላይ ጭጋግ አይጠፋም። በዚህ ደጋ ክረምቱን በሣጥን ተዘግቶ የከረመ ቦርሳ ይሻግታል። ቁልቁል ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ደግሞ ቆዳውን የሚጎዳው ፀሐዩና ሙቀቱ ነው፤ ያደርቀዋል፣ ቀለሙን ያነጣዋል። ሻጋታው ላዩ ላይ ያለ ነጭ ብናኝ ከሆነ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ደጅ ላይ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉትና ያናፍሱት፤ ይለቃል። ቆዳው ውስጥ የገባ ጥቁር ነጠብጣብ ግን ምልክቱ አይጠፋም። ሽታው ከገበሩ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ተስፋ አይቁረጡ፤ ገበር ይቀየራል።

አሁን እድፉ። ስውር ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ከሥሩ፣ አንዲት ጠብታ ውሃ ያሳርፉ። ጠብታዋ ሳትሰርግ ከቆመች ቆዳው የቀለም ሽፋን አለው፤ እድፉም ከሽፋኑ በላይ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ወዲያው ሰርጋ ቦታውን ካጠቆረች ቆዳው ክፍት፣ ማለትም ሽፋን የሌለው፣ ስለሆነ እድፉም ጠልቆ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ነጭ ጨርቅ በትንሹ አርጥበው እዚያው ስውር ቦታ ላይ ያሹ፤ ጨርቁ የቦርሳውን ቀለም ከያዘ በማጽዳት ብዛት ቀለሙን ያጡታል።

የእስክሪብቶ ቀለም ክፉ ነው፤ ክፍት ቆዳ ላይ ከሆነ ለዘለቄታው እንደሚኖር ቆጥረው ይግዙ ወይም ይተዉ። አልኮልና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የቦርሳውን ቀለም ከነሽፋኑ ያነሱታል፤ በረኪና ደግሞ ቆዳውን ራሱን ይጎዳል። ነጣ ያለ ቦርሳ ላይ ከጂንስ ሱሪ የተላለፈ ሰማያዊም ከባድ ነው። የዘይት እድፍ አዲስ ከሆነ የሕፃናት ፓውደር ነስንሰው ቢያሳድሩት ይመጠጣል፤ የከረመው ይቀንስ ይሆናል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ከሁሉም የሚቀለው ውሃ የተወው ክብ ምልክት ነው፦ ምልክቱን ብቻ ሳይሆን ያንን የቦርሳ ገጽ ከስፌት እስከ ስፌት እኩል በረጠበ ጨርቅ ይዳብሱት፣ አብሮ ሲደርቅ ጠርዙ ይደበዝዛል።

የማይለቅ እድፍ ያለበትን ቦርሳ በጠቆረ ቀለም ማስቀባት ይቻላል፤ ከጥቁር ወደ ነጭ ግን መንገዱ አስቸጋሪ ነው። የሚቀባው የቆዳ ቀለም መሆኑን ያረጋግጡ። የጫማ ቀለም ቦርሳ ላይ ከተቀባ በሚነካው ልብስ ሁሉ ላይ ይተላለፋል፤ በሐበሻ ልብስ ለሚያጌጥ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳት ነው።

ሂሳቡን ከመክፈልዎ በፊት ይሥሩ። ከተቻለ ቦርሳውን ወይም ፎቶግራፉን ለጫማ ሰፊ አሳይተው የስፌቱን፣ የገበሩንና የቀለሙን ዋጋ ለየብቻ ይጠይቁ። በእኔ ሚዛን የግዢውና የጥገናው ድምር ከተመሳሳይ አዲስ የቆዳ ቦርሳ ዋጋ ከግማሽ ካለፈ አያዋጣም። ከእናት ወይም ከአክስት የተወረሰ ቦርሳ ከዚህ ሂሳብ ውጭ ነው፤ የቆዳው ጭረት እስካልተበጠሰ ድረስ ያድሱት።

ከገዙት ደግሞ ካጸዱ በኋላ ውስጡን በወረቀት ሞልተው ጥላ ሥር ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያኑሩት። ደጋው ቢበርድም ከሰል ምድጃ አጠገብ አያስጠጉት፤ እርጥብ ቆዳ በሙቀት ይኮማተራል፣ የተኮማተረውም አይዘረጋም። እድፉ ለቀቀ ወይም አልለቀቀም ብለው የሚፈርዱትም ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ይሁን፤ እርጥብ ቆዳ ስለሚጠቁር እድፉን ለጊዜው ይሸፍነዋል።