አሮጌ ስዊች ሳይለጎም አይሰካም

የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ስትደውልልኝ ገና ከመሰላሉ አልወረድኩም ነበር። «ወንድሜ፣ ሲስተሙ ጠፋ፤ ደመወዝ እየሠራን እኮ ነው» አለችኝ። ምንም አልነካሁም ብዬ ልምልላት ትንሽ ነው የቀረኝ። ከመጋዘን ያወጣሁትን ያገለገለ ስዊች፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኘውን ሳጥን፣ ከዋናው ጋር በአንድ ኬብል ማገናኘት መንካት አይመስለኝም ነበር። ኬብሉን ነቀልኩ፤ የተመለሰ ነገር የለም። የቪላኖቹን (አንዱን ኔትወርክ በክፍል በክፍል የሚለዩትን ምናባዊ ኔትወርኮች) ዝርዝር ከወረቀት ላይ እያነበብኩ እንደገና እስክጽፍ ድረስ ሁለት ፎቅ ሙሉ ሰው ሥራ ፈቶ ተቀመጠ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቪቲፒ የሚባለው የሲስኮ አሠራር ስዊቾች የቪላን ዝርዝራቸውን እርስ በርስ እንዲቀባበሉ ያደርጋል። የዶሜን (የቡድን) ስማቸውና የይለፍ ቃላቸው አንድ ከሆነ የማሻሻያ ቁጥሩ፣ ማለትም ዝርዝሩ በተቀየረ ቁጥር የሚጨምረው ቁጥር፣ ከፍ ያለው ስዊች ዝርዝር በሌሎቹ ላይ ይጻፋል፤ ነባር ነው መጤ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የእኔው ስዊች የሙከራ ዕቃ ሆኖ ብዙ ጊዜ ስለተቀያየረ ቁጥሩ ከዋናው በልጦ ነበር። ቪላኑ የተሰረዘበት ፖርት (የኬብል መሰኪያ ቀዳዳ) ደግሞ ኬብል ተሰክቶበትም ምንም አያሳልፍም።

ከዚያ ወዲህ ያገለገለ ስዊች ሲመጣልኝ ከኔትወርኩ አርቄ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስነሳዋለሁ። ስዊቹን ከላፕቶፕ ጋር በቀጥታ በሚያገናኘው የኮንሶል ኬብል ገብቼ የቀድሞ ማዋቀሪያውን አጠፋለሁ። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ የቪላኑ ዝርዝር ፍላሹ (የስዊቹ ማከማቻ) ውስጥ በተለየ ፋይል ስለሚቀመጥ እሱንም እሰርዛለሁ። ከዚያ ቪቲፒውን ትራንስፓረንት አደርገዋለሁ፤ የሌላውን ዝርዝር ለራሱ አይወስድም፣ የራሱንም አይሰጥም፤ የማሻሻያ ቁጥሩ ወደ 0 ይመለሳል። እንዲህ ሲሆን ቪላኖቹን በእጅ መጻፍ ግድ ነው። የደቂቃዎች ሥራ ነውና አትስነፉ።

ሁለተኛው ልጓም ስፓኒንግ ትሪ ነው፤ መረጃ በክብ እየዞረ ኔትወርኩን እንዳያጨናንቅ ስዊቾች ትርፍ መንገዶችን የሚዘጉበት አሠራር። ስዊቾች ከመካከላቸው አንዱን «ሩት» (የመንገዶቹ ማዕከል) ብለው ይሾማሉ፤ ትንሹ ቁጥር ያለው ይሾማል። በተለምዶ ሁሉም ከፋብሪካ የሚወጡት 32768 የሚል ቁጥር ይዘው ነው፤ ሲተካከሉ አነስተኛ የማክ አድራሻ (ከፋብሪካ የተሰጠ መለያ ቁጥር) ያለው ያሸንፋል፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አሮጌው ነው። ሩት ሲቀየር በቀድሞው የስፓኒንግ ትሪ ዓይነት መንገዱ እስኪስተካከል 30 ሰከንድና ከዚያም በላይ ሊቆም ይችላል። በሥራ ሰዓት ዋናውን ከመነካካት አዲሱ ላይ የመጨረሻውን ከፍተኛ ቁጥር፣ 61440ን፣ ጻፉበት። ሌላው እስካለ ድረስ ሹመት አይደርሰውም።

በተጠቃሚዎች ፖርት ላይ ፖርትፋስት (ፖርቱን ሳያስጠብቅ የሚከፍት) እና ቢፒዲዩ ጋርድ (የስፓኒንግ ትሪ መልእክት ሲደርሰው ፖርቱን የሚዘጋ) አይቅሩ። ወለል ላይ የወደቀ የኬብል ጫፍ ያየ ቅን ሰው «ወልቆ ነው» ብሎ ግድግዳው ላይ ይሰካዋል፤ ሌላኛው ጫፍም ግድግዳው ላይ መሆኑን ማን ይነግረዋል? ጋርዱ ካለ ፖርቱ ተዘግቶ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

የስዊቹን የኃይል መሰኪያ መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያቆየው ዩፒኤስ ላይ አድርጉት፤ ግን መጀመሪያ እዚያ ምን እንደተሰካ እዩ። እኔ የቡና ምድጃ አግኝቼበት አውቃለሁ።

ለማገናኘት የምመርጠው የዓርብ ምሳ ሰዓትን ነው፤ የመንግሥት ቢሮ ከሆነ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ጭር ይላል። የወር መጨረሻን ሳምንት ግን አልነካም። ላፕቶፔን ነባሩ ኔትወርክ ላይ ሰክቼ ወደ ጌትዌዩ (የኔትወርኩ መውጫ በር) ያለማቋረጥ ፒንግ፣ ማለትም «አለህ ወይ?» የሚል አጭር መልእክት፣ እንዲልክ እተወዋለሁ። ዋናው ስዊች ላይ ያለውን ፖርት እንደተዘጋ ኬብሉን እሰካለሁ፤ ሁለቱ ጫፎች ተመሳሳይ ቪላኖች መፍቀዳቸውን አረጋግጬ እከፍተዋለሁ። አንድ ፒንግ እንኳን ቢጎድል መጀመሪያ እዘጋለሁ፤ ምክንያቱን የምፈልገው ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ሁሉም ሰላም ከሆነ ማዋቀሪያውን አስቀምጬ፣ ማንም ሳይሰካበት የስዊቹን የኃይል ገመድ እነቅላለሁ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ምን እንደሚሆን አሁን ባየው ይሻላል። እንደነበረ ከተነሳ ሰዎችን አንድ በአንድ አዛውራለሁ፤ መጀመሪያ የራሴን ኮምፒውተር፣ መጨረሻ ላይ የሒሳብ ክፍሉን።