«ኬስ» ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

እንግሊዝኛ ላይ የሚያሰናክለን ረጅሙና ለአፍ የማይመቸው ቃል ይመስለናል። እሱንማ መዝገበ ቃላት ገልጠን እንገላገለዋለን። ጣጣ ያለው «ይቺንማ አውቃታለሁ» ብለን የምናልፋት ላይ ነው። «ኬስ» ከነዚያ አንዷ ናት። እኛ ስናወራ «ኬዝ» ነው የምንላት፤ የስልክ ኬዝ፣ የፍርድ ቤት ኬዝ። እንግሊዝኛው ላይ ግን መጨረሻዋ «ስ» ነው። የገጠማችሁን ምልክት ከታች ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።

ምልክት፦ ትርጉሙ ከዓረፍተ ነገሩ ጋር አልገጥም አለ

ጽሑፉ «ዶክተሯ ዛሬ ሦስት ኬስ አየች» ይላል። መዝገበ ቃላቱ ደግሞ «ሳጥን» ይላችኋል። ሐኪም ሳጥን ምን ይሠራላታል?

መንስኤው ቃሉ አንድ አለመሆኑ ነው። አንዱ የመጣው ከላቲኑ «ካሱስ» ነው፤ መውደቅ፣ ከዚያም አጋጣሚ ማለት ነው። አማርኛም «መከራ ወደቀበት» ስለሚል ሐሳቡ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሌላው «ካፕሳ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሳጥን ነው። ሁለቱም በፈረንሳይኛ አድርገው እንግሊዝኛ ገቡና መልካቸው አንድ ሆኖ ቀረ።

መፍትሄ፦ «ውስጡ ዕቃ ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከገባ ሳጥኑ ነው፦ ሱትኬስ፣ ቡክኬስ፣ ፒሎውኬስ። ካልገባ ጉዳይ ነው፣ ሁኔታ ነው፣ ወይም የደረሰ ነገር ነው። ዶክተሯ ያየችው ሦስት ሕመምተኞች ነው።

ምልክት፦ «ስትሮንግ ኬስ አላት» ሲባል አዘናችሁላት

እኔ አዝኛለሁ። ከባድ ክስ የተመሠረተባት መስሎኝ «አይዞሽ» ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ጥፋቱ የራሳችን «ክስ» ነው። ድምፁ ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ፍርድ ቤት አካባቢ አይጠፉም። ግን አይዛመዱም፤ የኛው «ከሰሰ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። እንግሊዝኛው «ኬስ» ከሳሹም ተከሳሹም ሊኖራቸው የሚችል ነገር ነው፤ የሚያቀርቡት ክርክርና ማስረጃ ማለት ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ ክርክሯ ጠንካራ ነው፤ ልትረታ ትችላለች። «ሜክ ኤ ኬስ» የሚለውም ከዚሁ ይመጣል። ዳኛም ችሎትም አያስፈልገውም። አንድ ሐሳብ ለምን ትክክል እንደሆነ በምክንያት ካስረዳችሁ «ኬስ» አቅርባችኋል።

ምልክት፦ «ኢን ኬስ» ብላችሁ የጻፋችሁት በተቃራኒው ተተረጎመ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ረጋ ብለን እንየው።

ለባልደረባችሁ «ችግር ካለ ደውልልኝ» ለማለት «ኮል ሚ ኢን ኬስ ዜር ኢዝ ኤ ፕሮብሌም» ጻፋችሁ እንበል። ቃሉን በቃሉ የሚወስድ አንባቢ ምን ይረዳል? «ችግር ሊፈጠር ስለሚችል ከወዲሁ ደውልልኝ።» ሰውዬው ምንም ሳይፈጠር እየደወለ ቢያደርቃችሁ አትፍረዱበት። (አሜሪካውያን አንዳንዴ «ኢን ኬስ»ን በ«ኢፍ» ቦታ ስለሚጠቀሙበት ትክክለኛውን የሚረዳችሁም ይኖራል። በዚያ ላይ ግን አትተማመኑ።)

መንስኤው አማርኛ «ቢዘንብ» ብሎ «ኢፍ»ንም «ኢን ኬስ»ንም በአንድ ቃል መገላገሉ ነው። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል። «ኢፍ ኢት ሬይንስ» ካለ፣ ካልዘነበ ጃንጥላውን አትነኩትም። «ኢን ኬስ ኢት ሬይንስ» ካለ ግን ሰማዩ ብራ ቢሆንም ጃንጥላው ከእናንተ ጋር ይወጣል። የኛ «ቢዘንብስ?» ከነ«ስ»ዋ ልክ ይህንኑ ትላለች።

መፍትሄ፦ ድርጊቱ ከሚፈራው ነገር ይቀድማል? ከቀደመ «ኢን ኬስ»፣ ከተከተለ «ኢፍ»። ብቻውን የሚቆመው «ጀስት ኢን ኬስ» ደግሞ «ለክፉም ለደጉም» ነው፤ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁለትም።

አሁን ደግሞ «ኦፍ» ትመጣና ነገሩን ትገለብጠዋለች። ግድግዳ ላይ «ኢን ኬስ ኦፍ ፋየር ብሬክ ግላስ» የሚል ማሳሰቢያ አይታችሁ ይሆናል። ይህ «እሳት ሲነሳ መስታወቱን ስበር» ማለት ነው። በላይኛው ሕግ ካነበባችሁት ለክፉም ለደጉም ብላችሁ ዛሬውኑ ልትሰብሩት ነው። «ኦፍ» ካለችና ስም ከተከተላት ትርጉሙ «በሚከሰትበት ጊዜ» ነው። «ኢን ዛት ኬስ» እንዲያ ከሆነ፣ «ኢን ኤኒ ኬስ» ያም ሆነ ይህ። እነዚህን እንዳሉ መያዝ ነው።

ምልክት፦ ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ግን አልከፍትም አለ

ማሽኑ «ኬስ ሴንሲቲቭ» ሲላችሁ ስለ ሳጥን አይደለም የሚያወራው፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል እለያለሁ ማለቱ ነው። በነገራችን ላይ መነሻው እውነትም ሳጥን ነው። በድሮ ማተሚያ ቤት የብረት ፊደላት የሚቀመጡት በእንጨት መሳቢያ ነበር፤ ካፒታሎቹ ከላይኛው፣ ትንንሾቹ ከታችኛው። «አፐር ኬስ» እና «ሎወር ኬስ» የተባሉት ለዚያ ነው። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ዓይናችን ልዩነቱን ቶሎ አያየውም። ለኮምፒውተሩ ግን ትልቁ «ኤ» እና ትንሹ «ኤ» ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

ካፕስ ሎክ በርቶ እንደሆነ ተመልከቱ። ስልክ ላይ ከሆናችሁ ኪቦርዱ ሳትጠይቁት የመጀመሪያዋን ፊደል ካፒታል አድርጓት ሊሆን ይችላል። የዓይን ምልክቷን ነክታችሁ የጻፋችሁትን እዩ። የዶሜይን ስም ላይ ግን አትጨነቁ፤ ትልቅ ትንሽ አይለይም።

ምልክት፦ «አይ» ልበል ወይስ «ሚ»?

ሰዋስው ላይም «ኬስ» አለ፤ ቃሉ ባለቤት ይሁን ተሳቢ («እኔ» ወይስ «እኔን») የሚያሳየው ቅርጽ ነው፤ ስሙ የመጣው «መውደቅ» ከሚለው ነው። እንግሊዝኛ ስሞቹ ላይ ጥሎት ተውላጠ ስም ላይ አስቀርቶታል። ዓረፍተ ነገሩን ወደ አማርኛ መልሱት። «እኔን» ወይም «ከእኔ ጋር» ካለ «ሚ» ነው። «ወንድሜና እኔ» ዓይነት ጥንድ ሲገጥማችሁ ወንድምየውን ለጊዜው አስወጡትና ብቻችሁን ሞክሩት። መልሱ ራሱ ይወጣል።

ምልክት፦ «ጌት ኦፍ ማይ ኬስ!» ተብላችሁ ሻንጣ ላይ የተቀመጣችሁ መስሏችሁ ዞር አላችሁ

«አትነዝንዘኝ» ነው የተባላችሁት።